በየከተማው አክስት

«እስቲ እንደገና» አሉ እትዬ ተረፈች፣ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ከፊታቸው ያለውን ብረት ጨበጥ እያደረጉ። «እኔ የእናትሽ ምን ነኝ?»

«አክስት» አለች ሀሴት።

«ምነው እንደ ተጣላ ሰው! ለስለስ አድርገሽ በዪው። እናትሽ የማን ልጅ ናት?»

«የእህትዎ።»

«የታላቄ ወይስ የታናሼ?»

ሀሴት ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ አረጋሽ በሁለቱ መሀል ተጣብቃ፣ ሰነዶቹን የያዘውን ፌስታል ጭኗ ላይ አስቀምጣ መንገድ መንገዱን ታያለች። «የታላቅዎ» አለች በቀስታ።

«ጎሽ! የታላቄ። ነፍሷን ይማርና።» እትዬ ተረፈች ተወልዳ ለማታውቀው ታላቅ እህታቸው ከልባቸው ከንፈር መጠጡ። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አይቷቸው ፈገግ አለ። ሀሴት ዘልላ መውረድ አማራት።

እትዬ ተረፈች አክስት አይደሉም፤ አከራይ ናቸው። ሀሴትና እናቷ ከቡራዩ ለቀው ሰበታ ሲገቡ፣ በግቢያቸው ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራዩአቸው እንጂ ከዚያ በፊት ተያይተውም አያውቁም። ነገር ግን አዲስ ከተማ የገባ ሰው የድሮው ቀበሌ በሰጠው መሸኛ ብቻ አይመዘገብም። አዲሱ ቀበሌ «የምትኖሩት ማን ቤት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ተከራይ ከሆኑ ውል ማምጣት አለባቸው፤ ውል ካለ ደግሞ አከራዩ ላይ ግብር ይመጣል። ስለዚህ ብዙ አከራይ ውል ከመፈረም ይልቅ ተከራዩን ዘመድ ማድረግ ይቀለዋል። ነገሩ ከመለመዱ የተነሳ የሚገረምበት ሰው የለም።

ሀሴትን ያንገበገባት ዘመድ ስትደረግ ይህ የመጀመሪያዋ አለመሆኑ ነው። ቡራዩ ላይ ደግሞ የኦቦ ቢቂላ ዘመድ ነበሩ። መዝገቡ ላይ እናቷ «የኦቦ ቢቂላ ባለቤት የእህት ልጅ» ተብላ ሰፍራለች። ለዓመታት ማንንም ትዝ አላለውም። ኦቦ ቢቂላ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ቁርጥራጭ ሥጋ በሳህን ይልኩላቸው ነበር። ዘንድሮ ግን ልጃቸው ሚስት ሊያገባ ሆነና «ክፍሎቹን እፈልጋቸዋለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ልቀቁልኝ» አሉ።

እናቷ «ልጄ ፈተና አለባት፣ እስከ ክረምት ይታገሱን» ብላ ለመነች። አልሆነም። ቀበሌ ሄዳ አቤት አለች። ጸሐፊዋ መዝገቡን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «እንዴ፣ ዘመዳሞች አይደላችሁም እንዴ? ተከራይ ብትሆኑ ውላችሁን አምጡ እንላችሁ ነበር። የቤተሰብ ነገር በቤተሰብ ጨርሱ» ብላ መለሰቻት። ሀሴት አጠገቧ ቆማ ነበር። እናቷ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ምንም ሳትል መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሀሴት ያንን ፊት ባሰበችው ቁጥር ደሟ ይፈላል።

መሸኛ ለማውጣትም ያው ጣጣ ተከተላቸው። የተመዘገቡት በኦቦ ቢቂላ ቤተሰብ ሥር ነውና፣ ኦቦ ቢቂላ ራሳቸው ቀርበው «ዘመዶቼ ለቀዋል» ብለው ካልፈረሙ አይሰጥም ተባለ። ያስወጧቸውን ሰው ደጅ መጥናት ጀመሩ። እሳቸው ደግሞ በሠርጉ ሽር ጉድ ተይዘዋል፤ ዛሬ ነገ ሲሉ ሰንብተው፣ አንድ ቀን እያጉረመረሙ መጥተው ፈረሙላቸው።

እስከዚያው የእነሱ የሆነ ነገር ሁሉ የሚሄደው ወደ ድሮው አድራሻ ነው። አባቷ ከሚሠራበት የመንገድ ሥራ ካምፕ በሹፌር የላከው ማር ቡራዩ ደርሶ ኦቦ ቢቂላ ቤት ቀረ። እናቷ «ይብሉት፣ ምን አለበት» ብላ ተወችው። ማሩስ ይሁን። ትምህርት ቤቷ ግን አሁንም ቡራዩ ነው። ጨለማው ሳይገፈፍ ትወጣለች፤ ከሰበታ አየር ጤና፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያም ሌላ እየቀያየረች፣ እየተጋፋች ስትደርስ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃታል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ስለሆነ፣ ሒሳብ የሚባል ነገር ከተማረች ሰንብታለች።

ቤታቸው አጠገብ ያለው የሰበታው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሊቀበሏት ፈቃደኛ ናቸው። «ብቻ የነዋሪነት ማረጋገጫ ይዘሽ ነይ» ብለዋታል። «የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞችን ስም የምንልከው ዓርብ ነው። ካለፈሽ እዚያው ቡራዩ ነው የምትፈተኚው።» ዛሬ ረቡዕ ነው።

ትናንት ለቡራዩ ጓደኛዋ ለቲና በቴሌግራም ሁሉን ነግራታለች። ቲና ወዲያው መለሰችላት፦ «ኧረ አታካብጂ! ዘመድ ነን ማለት ምን ይገድላል? ሁሉም ሰው ያደርገው የለ እንዴ! ወረቀትሽን ተቀብለሽ ላሽ በዪ።» ሀሴት መልስ መጻፍ ጀምራ አጠፋችው። ተሳስተሻል እንዳትላት አልተሳሳተችም። ልክ ነሽ ማለቱ ደግሞ ጭራሽ አልዋጥ አላት።

ቀበሌው ሲደርሱ ሰልፉ ከአጥሩ ወጥቶ መንገዱን ይዟል። አንዴ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ አንዴ «መጣ» ይባላል፤ ሰዉ ሲንቀሳቀስ እንደገና ይጠፋል። እናቷ ከፋብሪካው ያስፈቀደችው ለግማሽ ቀን ብቻ ነውና ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች። እትዬ ተረፈች ግን ሠርግ የተጠሩ ይመስል ከሚያልፍ ከሚያገድመው ጋር «አካም ጅርቱ?» እየተባባሉ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ለአንዲት ወዳጃቸው ሀሴትን አሳይተው «የእህቴ የልጅ ልጅ» አሏት። ሴትዮዋ የሀሴትን አገጭ ይዛ ከግራም ከቀኝም አየቻትና፣ «አይ ደም! ቁርጥ አንቺን አይደለችም እንዴ!» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ሀሴት ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገች።

በመጨረሻ ተራቸው ደረሰ። መዝገቡን የሚይዙት ኦቦ ሞቱማ ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ፣ ዓይናቸው የቀላ ሰው ናቸው። ሳያዩአቸው በእጃቸው ወንበር አመለከቱ፤ ቀና ሲሉ እትዬ ተረፈችን አወቋቸው።

«አዴ ተረፈች! አካም ጅርቱ? ዛሬስ ማንን ይዘው መጡ?»

«የእህቴን ልጅ። ከነልጇ።»

«ባለፈው ዓመትም የእህትዎን ልጅ አስመዝግበዋል።»

«እህቴ ብዙ ወልዳለች።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ኦቦ ሞቱማም ለመሳቅ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። የክፉ ሰው ፊት የላቸውም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው ያላቸው። መሸኛውን ከእናቷ ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ጀመር። መሀል ላይ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ወይዘሮ አረጋሽ የኦቦ ቢቂላ ባለቤት የእህት ልጅ ናቸው ይላል።»

ባጃጅ ውስጥ ያ ሁሉ ልምምድ ሲደረግ ይቺን ነገር ማንም አላሰባትም።

«እርስዎም አክስቷ ከሆኑ» አሉ ኦቦ ሞቱማ፣ «የኦቦ ቢቂላ ባለቤት እህትዎ ናቸው ማለት ነው።»

«እ... አዎ» አሉ እትዬ ተረፈች። «ያው እንደዚያ ነው።»

«ጥሩ። ስማቸውን ይንገሩኝና እዚህ ልጻፈው፤ ሁለቱ መዝገብ እንዲገናኝ።»

እትዬ ተረፈች ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። የገዛ እህታቸውን ስም አያውቁትም። አረጋሽን በክርናቸው ነካ አደረጓት። አረጋሽ ስሙን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ግን ፌስታሉን ጨምድዳ ይዛለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይወጣትም።

ኦቦ ሞቱማ ሰልፉን አዩ። ማንንም በውሸት መያዝ እንደማይፈልጉ ያስታውቃሉ፤ የፈለጉት መጨረስ ነው። እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ እንዳደረጉ ወደ ሀሴት ጎንበስ አሉ። «አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ። የቡራዩዋ አክስታችሁ ስማቸው ማነው?»

ስማቸው ሊቤ ነው። አንድ ቃል። ሀሴት ብትናገረው ይጻፋል፣ ማህተሙ ያርፋል፣ ነገ አዲሱ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ከእንግዲህ በጨለማ ታክሲ መጋፋት የለም። እናቷ እንድትናገረው ትፈልጋለች። አከራያቸውም ይፈልጋሉ። መዝገቡን የያዙት ሰውዬ ራሳቸው ይፈልጋሉ። ያበገናትም ይኸው ነው፤ ውሸት መሆኑን እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ የለም፣ የቀረው እሷ በአፏ እንድትጨርስላቸው ብቻ ነው። የሆነ ቀን ደግሞ እትዬ ተረፈች ልቀቁ ይላሉ። እናቷ ይኸው ጠረጴዛ ፊት ትቆማለች፤ እነሱም መዝገቡን ገልጠው ዘመዳሞች ናችሁ ይሏታል።

«አዴ ሊቤ ይባላሉ» አለች ሀሴት። ኦቦ ሞቱማ መጻፍ ጀመሩ። «ግን አክስታችን አይደሉም። ቡራዩ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እዚህም ተከራይተን ነው።»

እስክሪብቶው ቆመ። እናቷ «ሀሴት!» አለች።

«እኔ እኮ» አሉ ኦቦ ሞቱማ፣ «ስም ብቻ ነው የጠየቅሁሽ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ከሰማሁ በኋላ አልሰማሁም ልል አልችልም። ይኼ ሁሉ ሰው ሰምቷል።» መሸኛውን አጥፈው ለእናቷ መለሱላት። «ውል አምጡ። ውል ካመጣችሁ ሰልፍ ሳትይዙ ግቡ፣ እኔው እጨርስላችኋለሁ። ከሌለ ግን በኔ በኩል የሚሆን ነገር የለም። ቀጣይ!»

ደጅ እንደወጡ እትዬ ተረፈች ፈነዱ። «ጉድ እኮ ነው! ያን ሁሉ ሰው አስቁማ ታዋርደኝ? ለኔ ምኔ ነው፣ ለእናንተው ብዬ እንጂ!» ወደ አረጋሽ ዞሩ። «ያሳደግሽው ይኼን ነው? እንግዲህ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።» ባጃጅ ጠርተው ብቻቸውን ገብተው ሄዱ። እናትና ልጅ አቧራው ውስጥ ቆመው ቀሩ።

«ደስ አለሽ?» አለች እናቷ።

«አላለኝም።»

«ታዲያ ለምን? አንድ ስም እኮ ነው! ሥራዬን ትቼ የመጣሁት ለማን መሰለሽ? አንቺ በጨለማ ስትወጪ፣ ደረሰች አልደረሰች እያልኩ ማሽኑ ላይ እጄን ልቆረጥ ነው እኮ!»

«እማ፣ ቡራዩ አቤት ስትዪ ምን አሉሽ?»

እናቷ የፌስታሉን እጀታ መቋጠር ጀመረች።

«‹በቤተሰብ ጨርሱ› ነው ያሉሽ። ተከራይ ብትሆኑ እንሰማችሁ ነበር አሉሽ። ነገ እትዬ ተረፈችም የሚያገባ ልጅ ቢኖራቸውስ?»

«ልጅ የላቸውም!»

«የእህታቸው ልጅ አይጠፋም።»

እናቷ ልትስቅም ልታለቅስም የዳዳት መሰለች፤ ሁለቱንም አላደረገችም። «እሺ፣ እውነቱን ተናገርሽ። እውነቱ የት ያሳድረናል?» ብላ ወደ ፋብሪካው መስመር ታክሲ ሮጠች። ሀሴት ለብቻዋ በእግሯ ወደ ቤት አዘገመች። መንገዱ ላይ ያገኘችውን ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ሁሉ በእርግጫ እየመታች ደረሰች።

የእትዬ ተረፈች በር ተዘግቷል። ሀሴት ወደ ጓሮ አለፈች፤ ተመለሰች። እንደገና አለፈች። ሦስተኛው ላይ አንኳኳች።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?» አሉ እትዬ ተረፈች በሩን ገርበብ አድርገው። በእጃቸው ሽንኩርት ይዘዋል።

«አይ፣ ራሴ ነኝ። እሷ ሥራ ገብታለች።»

«ይቅርታ ልትዪ ከሆነ ተቀብያለሁ። ሂጂ።»

«ሰው ፊት ስላሳፈርኩዎት ይቅርታ። ስለተናገርኩት ግን አይደለም።»

«ድፍረቷ!» አሉ። በሩን ግን አልዘጉትም።

«ውል የማይፈርሙልን ግብሩን ፈርተው ነው?»

እትዬ ተረፈች ሽንኩርቱን አገላብጠው አዩት። «ግብር ብቻ መሰለሽ» አሉ ድምፃቸው ወረድ ብሎ። «ቤቱ መቼ በኔ ስም ሆነና! ባለቤቴ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ አሁንም በሱ ስም ነው ያለው። ውል ላስመዝግብ ብዬ ብሄድ መጀመሪያ ስሙን አዛውሪ ነው የሚሉኝ። ፍርድ ቤት ሂጂ፣ ማዘጋጃ ቤት ሂጂ፣ ነገ ተመለሺ። አንዴ ሞክሬው ሰልፍ ላይ ራሴን ስቼ ወድቄ በሰው ትከሻ ነው የተመለስኩት። ከዚያ በኋላ ተውኩት።»

ሀሴት ይህን አልጠበቀችም። ሴትዮዋ በገዛ ቤታቸው እየኖሩ፣ መዝገብ ላይ ግን ቤቱ ያለው በሞተ ሰው ስም ነው። ንዴቷ አልበረደም፤ ብቻ ማን ላይ ልታሳርፈው እንደሚገባ ጠፋት።

«እኔ ሰልፍ እይዝልዎታለሁ» አለች።

«ምን?»

«ትምህርት በሌለኝ ቀን ሁሉ። በማለዳ ሄጄ ተራ እይዛለሁ። ሲደርስ እደውልልዎታለሁ፤ ያኔ በባጃጅ ይመጣሉ።»

«ከዛሬው ወዲያ እኔ ካንቺ ጋር ቢሮ የምገባ ይመስልሻል?»

«እውነቱን ከተናገሩ እኔ ምን እላለሁ?»

እትዬ ተረፈች ትክ ብለው አዩአት። ከጉሮሯቸው ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ድምፅ ወጣ። «አይ ምላስ!» አሉ። «ሂጂ አሁን። አስብበታለሁ።»

«እስከ ዓርብ?»

«አስብበታለሁ ነው ያልኩሽ። ዓርብ ያለ ሰው የለም።» በሩ ተዘጋ።

እንግዲህ ዓርብ አይደርስም። ይህን ሀሴት ወደ ክፍላቸው እየሄደች ነው ያመነችው። የምትፈተነው ቡራዩ ነው፤ እስከዚያም በየማለዳው ያው ታክሲ፣ ያው ግፊያ፣ ያው የተዘጋ በር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ማልቀሱም አናደዳትና ተነሳች። የስልኳን ደወል ከወትሮው በግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጋ ሞላች። ሒሳብ ሊያመልጣት አይገባም።

ክፍሉን ዞር ብላ አየችው። ከገቡ ጀምሮ ዕቃው ከካርቶን አልወጣም። እናቷ አንድ ጠዋት «እስኪረጋልን ይቆይ» እንዳለች እንደዚያው ቀርቷል፤ ሳህን ሲፈልጉ ካርቶን ይበረብራሉ፣ መስኮቱም ላይ ጋዜጣ ነው የተለጠፈው። ሀሴት አንደኛውን ካርቶን ጎትታ ከፈተች።

እናቷ አመሻሽ ላይ ስትገባ ብብቷ ሥር ባዶ ማዳበሪያዎች ይዛለች። ዕቃ መክተቻ ይሆናሉ ብላ ከፋብሪካው መጋዘን ለምና ነው ያመጣቻቸው። በሩ ላይ ቆም አለች። ጋዜጣው ተልጦ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ሀሴት ወንበር ላይ ቆማ መዶሻ ይዛለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«መጋረጃ እየሰቀልኩ።»

«ልቀቁ ቢሉንስ?»

«ያን ጊዜ አወርደዋለሁ።»

እናቷ ከመጋረጃው ወደ ማዳበሪያዎቹ አየች። ከዚያ በሩ ጀርባ ጣለቻቸውና መጥታ የሚነቃነቀውን ወንበር በሁለት እጇ ያዘች።

«በቀኝ በኩል ዝቅ ብሏል» አለች።

ሀሴት ሚስማሩን ነቀለችና ከፍ አድርጋ መታችው።